የቦቃ ግንባር

ጋሽ ቀስ በየማለዳው፣ ልጓም ከማንሳቱ በፊት፣ ከሸሚዝ ኪሱ ነጭ የጥፍር ቀለም ያወጣል። ክዳኗን በሁለት ወፍራም ጣቶቹ ይፈታል፤ ብሩሿን በጠርሙሷ አፍ ጠረግ ጠረግ ያደርጋል፤ ከዚያ ትንፋሹን ውጦ ከፈረሱ ግንባር መሃል፣ ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ፣ አንድ ነጭ ነጥብ ያሳርፋል። የትናንቱ ቢለቅም ባይለቅም ግድ የለውም። እስክትደርቅ እፍ ይልባታል። ፈረሱም ለምዶት ፀጉሩን እንደሚስተካከል ሰው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይጠብቃል።

ባለሱቁ ቀለሙ ለማን እንደሚገዛ እያወቀ አንድ ነገር ሳይወረውር አይለቀውም።

"ጋሼ፣ ዛሬስ ቀይ አይሻልም? የከንፈርም መጥቷል።"

"እሱን ለሚስትህ ውሰድላት። የኔው በነጭ ነው የሚያምርበት።"

የጋሽ ቀስ ሥራ በጋሪ ልጆችን ትምህርት ቤት ማመላለስ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው። ዳገት ሲወጣ "ቀስ"፣ ቁልቁለት ሲወርድ "ቀስ"፣ ልጅ ሲሳፈር "ቀስ" ሲል ቅጽሉ ስሙን ዋጠው። ሚስቱ እንደምትለው "እወድሻለሁ" ያላት እንኳ ሁለተኛ ልጃቸው ከተወለደ በኋላ ነው።

የግንባሩ ነገር የተጀመረው ከመጀመሪያው ፈረስ ነው። ቡናማ፣ ዳማ የሚሉት ዓይነት ነበር፤ ግንባሩ ላይ አውራ ጣት ኖራ ነክቶ የጫነበት የሚመስል ነጭ ምልክት ስለነበረው ቦቃ ተባለ። ልጆቹ ምልክቱን ኮከብ ይሉታል። ከመሳፈራቸው በፊት በየተራ ካልነኩት ቀኑ ቀን አይሆንላቸውም። ከሁሉ ትንሹን፣ የፊት ጥርሶቹ ስለወለቁ ወላቃው የሚሉትን፣ ጋሽ ቀስ ብብቱን ይዞ ያነሳዋል።

ከተሳፋሪዎቹ ትልቋ አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች። ሰው ፊት ስትናገር ድምጿ ከጉሮሮዋ አይወጣም፤ ጋሪው ላይ መጽሐፍ ስትከፍት ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። አንባቢዋ ይሏታል። በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተውሳ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ገጽ የምታነብላቸው፣ ጎርፍ ስለወሰደው የወፍጮ ቤት ፈረስ ነው። ፈረሱ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መንገድ ሲፈልግ ልጆቹ መተንፈስ ይረሳሉ። የሱቅ ማስታወቂያ ከማንበብ ያላለፈው ጋሽ ቀስም ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ይሰማል። ቦቃም እንዲሁ አንድ ጆሮውን ወደ ኋላ ያዞራል። ቤት ሲገባ ሚስቱ ከሰላምታ በፊት የምትጠይቀው "ፈረሱ የት ደረሰ?" ብላ ነው።

አንድ ጠዋት አንባቢዋ ዓይኗ አብጦ መጣች። መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ "ዛሬ አላነብም፣ አሞኛል" አለች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሁሉም ወርደው ሲሮጡ እሷ ቀረት አለች።

"ጋሼ፣ ፈረስ ይሞታል?"

ጋሽ ቀስ መጽሐፉን አየው። ብቻዋን እስከ መጨረሻው አንብባዋለች ማለት ነው።

"የመጽሐፍ ፈረስ እንደሆነ እንጃ። የጻፈው ሰውዬ ቸኩሎ ይሆናል" አላት። "የኔ ፈረስ ግን አይሞትም። እንኳን ሊሞት ጉንፋን ይዞት አያውቅም።"

"ሙት ይበሉ።"

"ቦቃ ይሙት!"

ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማው። ልጅቷ ግን እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሳቀች፤ ወርዳ የፈረሱን ኮከብ በመዳፏ ሸፍና "ሰማህ? አትሞትም" አለችው።

ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን ቦቃ ጋጣው ውስጥ ተኝቶ ተገኘ፤ ራሱን ወደ በሩ አድርጎ። አርጅቶ ነበር፤ ሞቱ የሚያስገርም አልነበረም። ጋሽ ቀስ ግን ግድግዳውን ተደግፎ "በአፌ ገደልኩት" አለ። ከሰፈሩ ድንጋይ መፍለጫ ጀርባ ማንንም ሳይጠራ ብቻውን ቆፍሮ ቀበረው። ልጓሙን አምጥቶ ምስማር ላይ ሰቀለው።

ከዚያ ወዲያ የሚያሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ያችን ልጅ በምን ዓይኑ ሊያያት ነው? ገበያ ለገበያ ዞሮ ዳማ ፈረስ ፈለገ። ሲያገኝ ደግሞ ቁመቱ ያው፣ ጋማው ያው፣ ስንፍናው ሳይቀር ያው፤ ግንባሩ ግን ባዶ።

ሚስቱ ቤቱ ከተቀባበት የተረፈ ኖራ በጣሳ በጥብጦ ሲመጣ ወገቧን ይዛ አየችው።

"ፈረስ መኳል ጀመርክ? እኔን ከተጋባን አንድ ቀን እንኳ ኩል ገዝተህልኝ አታውቅም!"

"አንቺማ ሳትኳይም ታምሪያለሽ።"

"ውሸታም!" አለች፤ ጣሳውን ግን ተቀበለችው። "ቆይ፣ እንደሱ አይደለም። የሱ ወደ ግራ ዘንበል ያለ ነበር።"

ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ቀን ጋሽ ቀስ ጋሪው ላይ ቆሞ አዋጅ አወጀ። "ቦቃ መነካካት ሰልችቶታል። ከእንግዲህ በዓይን ብቻ!" ልጆቹ አጉረመረሙና ተሳፈሩ። አንባቢዋ ግንባሩን ትንሽ ረዘም አድርጋ አየችው። መጽሐፉንም አልከፈተችም፤ መጨረሻውን እንድታነብላቸው ቢለምኗትም "ነገ" እያለች ቀናት አለፉ።

አንድ ጠዋት መንገድ ላይ ዝናብ ደረሰባቸው። ልጆቹ ከሸራው ሥር ተጠጋግተዋል፤ ፈረሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይጎትታል። ጋሽ ቀስ አንዴ ወደ ፈረሱ፣ አንዴ ወደ ሰማዩ ያያል። መታጠፊያው ላይ ፈረሱ አንገቱን ሲያዞር ወላቃው ጮኸ።

"ጋሼ! ቦቃ እያለቀሰ ነው! ነጭ እንባ!"

እውነቱን ነው። ከግንባሩ የወረደው ኖራ በዓይኑ ጥግ አልፎ እስከ አፍንጫው አንድ ነጭ መስመር ሠርቷል። ጋሽ ቀስ ጋሪውን አቆመ።

"ኮከቡስ? ኮከቡ የት ሄደ?" አለ ወላቃው። ድምፁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

አንባቢዋ ዘላ ወረደች። ከፈረሱ ፊት ቆማ በሹራቧ እጅጌ ግንባሩን ጠረገችው። ቡናማ ነው፤ አንዲት ነጭ ፀጉር የለበትም። እጅጌዋን አየች። ከዚያ ጋሽ ቀስን አየችው። እሱም አያት፤ ውሃ በሁለቱም ፊት ላይ ይወርዳል። ይቺ ልጅ አሁን ታለቅሳለች፣ ወይ "ውሸታም" ትለኛለች፣ ወይ በእግሯ ትሄዳለች ብሎ ጠበቀ።

እሷ ግን ወደ ልጆቹ ዞረች።

"ብርድ ሲሆን ወደ ውስጥ ይገባል" አለች።

"ኮከቡ?"

"አዎ።"

"እንደ ቀንድ አውጣ?"

"ልክ እንደ ቀንድ አውጣ። ነገ ይወጣል።"

ወላቃው ጥርስ በሌለው አፉ ፈገግ አለ። አንባቢዋ ወደ ቦታዋ ተመልሳ እርጥብ ቦርሳዋን ፈታችና መጽሐፉን አወጣች። የመጨረሻውን ገጽ ከፈተች።

ጋሽ ቀስ ፈረሱን አንቀሳቀሰ፤ በሕይወቱ የዚያን ቀን ያህል ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም። የወፍጮ ቤቱ ፈረስ ሞተ ብለው አፈር እንዳለበሱት ሰማ። በዝናብ ሌሊት አፈሩን ከጀርባው አራግፎ እንደተነሳ ሰማ። ጎርፉን ተሻግሮ፣ የሚያውቀውን በር በግንባሩ ገፋ፤ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ከፍቶ "ምነው ዘገየህ?" አለው፤ ፈረሱም "መንገዱ ጭቃ ነበር" አለ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ታሪኩ ግን አላለቀም፤ ፈረሱ ስላየው አገር፣ አብረውት ስለዋኙት ከዋክብት፣ ልጁ ስላደረቀው ጋማ ቀጠለ። ያ ከሰው ፊት የሚጠፋው ድምጿ የዝናቡን ጩኸት አልፎ ይሰማል።

ጋሽ ቀስ ዘወር ብሎ አየ። ማንበብ እምብዛም አይሆንለትም እንጂ ማየት አያቅተውም። ገጹ ያው ገጽ ነው፤ ከግማሹ በታች ባዶ ወረቀት። ልጅቷ ዓይኗን ከፈረሱ ጆሮዎች ላይ አላነሳችም። ቃሉ ከየት እንደሚመጣላት ሊገባው አልቻለም፤ ጀርባውን ቅዝቃዜ ያልሆነ ነገር ወረረው። ይህች ትንሽ ልጅ፣ ዓይኑ እያየ፣ ከባዶ ወረቀት ላይ የሞተ ፈረስ እያስነሳች ነው። ባርኔጣውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀው ቢጠይቁት አያውቅም።

በማግስቱ አንባቢዋ ማንም ሳይደርስ መጣችና እጁ ውስጥ የሆነ ነገር ሸጎጠች። የእናቷ ነጭ የጥፍር ቀለም ነበር።

"ይሄ ውሃ አይፈራም፣ ጋሼ" አለች፣ ወደ መሬት እያየች።

ዓመታት አለፉ። አሁን ጋሪውን የሚጎትተው ሦስተኛው ቦቃ ነው። ወላቃው ጥርስ አብቅሎ፣ ጢም አብቅሎ፣ የራሱን ልጅ ኮከቡን እንድትነካ ብብቷን ይዞ ያነሳታል። ፊቱ ላይ የማወቅም ያለማወቅም ምልክት የለም።

አንባቢዋም አድጋ፣ ግጥም ተምራ፣ ዓይን አፋርነቷን እንደያዘች ተመልሳ መጣች። ጋሪው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ስለ እሱ ልትጽፍ እንደምትፈልግ ነገረችው።

"ስለኔ? ምን አለኝና?" አለ። ሆኖም አወራት፤ ሚስቱም የረሳውን ከጓዳ ሆና እየጮኸች ታርመዋለች። ሲጨርስ የፈረሱን አንገት አሻሸ።

"ሁሉንም ጻፊ፣ ልጄ። ኖራውንም፣ የጥፍር ቀለሙንም። 'ቦቃ ይሙት' ማለቴንም ጻፊው፤ ከዚያ ወዲህ በማንም ምዬ አላውቅም። አንዷን ብቻ ተዪልኝ።"

"የትኛዋን፣ ጋሼ?"

"የዝናቡ ቀን፣ እናንተን አድርሼ፣ ጋሪውን ቤት አቁሜ፣ ከድንጋይ መፍለጫው ጀርባ ሄድኩ። ቦቃን የቀበርኩበት ቦታ።"

"እኔ ባነበብኩት ምክንያት?"

"አላነበብሽም፤ ገጽ አልገለጥሽም። ከራስሽ እንደነበር አውቃለሁ። በገዛ እጄ አፈር እንዳለበስኩትም አውቃለሁ።"

"ሄደው ቢያዩት ታዲያ ምን ነውር አለው?"

"መሄዴማ ነውር የለውም" አለ ጋሽ ቀስ፤ ሚስቱ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከምስማሩ ላይ የቦቃን ልጓም አውርጄ፣ ይዤ ነበር የሄድኩት።"