ፈንታው ከሹመት የዳነበት

ፈንታው ባና ሸማኔ ነበር። የላስታ ብርድ የነካው ሰው ባና ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ላልነካው ግን ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ላሊበላ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት ክፍል፣ ከባልንጀራው ከደርበው ጋር ይሠራል። ወለሉ ላይ ሁለት ጉድጓድ አለ፤ ሁለቱ ሰዎች እግራቸውን እዚያ ሰደው መወርወሪያቸውን ሲያመላልሱ፣ የፈንታው ሚስት ይማርሽ በሩ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። ቀኑን ሙሉ እየተተራረቡ ይውላሉ፤ ያለቀው ባና ሳያድር ባለቤቱ ይወስደዋል። ስብሰባ የሚባል ነገር አያውቁም። ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ እየዋሉ የሚሰበሰቡበት ምክንያት አልታያቸውም። ኋላቀርነታቸው እዚህ ድረስ ነበር።

በሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን አብዮቱ ደረሰላቸው። በራቸው ላይ «ዕድገት የባና አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ፈንታው መጀመሪያ ላይ ደስ አለው፤ ሐሰት የለም። ትናንት «ሸማኔው» እያለ አፍንጫውን ሲነፋ የነበረ ጎረቤት ዛሬ «ጓድ ፈንታው» ሲለው ማን ይጠላል?

ቀጥሎ ሊቀመንበር መጣ። ጓድ ባዘዘው ከኮን ከተማ ነው የተላኩት፤ ካኪያቸው ተተኩሶ የቆመ፣ ለሁለት ሰው ሲናገሩም ድምፃቸው ለአደባባይ የሚበቃ ሰው ነበሩ።

«ባና ሠርተው ያውቃሉ?» አለ ደርበው በሹክሹክታ።

«ለብሰው ያውቁ ይሆናል» አለ ፈንታው።

ከዚያ ማኅበሩ አደገ። ጸሐፊ መጣ፤ ጸሐፊውን የሚቆጣጠር መጣ፤ ተቆጣጣሪውን የሚያነቃ መጣ። ግምጃ ቤት ሳይኖር የግምጃ ቤት ኃላፊ ተሾመ። ሸማኔ ብቻ ነው ያልተጨመረው፤ እሱ በሚቀጥለው ዕቅድ ተይዟል ተባለ። ሰው ሲበዛ ጠረጴዛ በዛ፤ ጠረጴዛ ሲበዛ ክፍሉ ጠበበ። አንድ ቀን ጓድ ባዘዘው ወለሉን ተመለከቱና ፈንታውን ጠሩት።

«ጓድ ፈንታው፣ ይህ ጉድጓድ ምን ያደርጋል?»

«እግር ይገባበታል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ጽሕፈት ቤት ውስጥ?»

«ጽሕፈት ቤት ከመሆኑ በፊት የተቆፈረ ነው።»

ጉድጓዶቹ ተደፈኑ። አፈሩ በደንብ ስላልተጠቀጠቀ የሊቀመንበሩ ጠረጴዛ አንድ እግሩ እየሰመጠ፣ ጓድ ባዘዘው ክረምቱን በሙሉ ወደ ግራ አዘንብለው መሩ። ለሸማኔዎቹ ጓሮ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ሥር አዲስ ጉድጓድ ተቆፈረላቸው። የሚገባበት እግር ግን ስብሰባ ላይ ነበር። ፈንታው የምርት ጉዳይ ኃላፊ፣ ደርበው ደግሞ የሠራተኞች ማነቃቂያ ኃላፊ ሆነው ተሹመው ነበርና።

«ዛሬ ምን ሠራህ?» ትለዋለች ይማርሽ ማታ።

«ስለ ሥራ ተነጋገርን።»

እጁን ይዛ ትዳብሰዋለች። «መዳፍህ እንደ ሙሽራ ለስልሷል» ትላለች፤ እሱም እንደ ተሰደበ ሰው ይሸማቀቃል።

በዚህ መካከል አባ ተክለ ሚካኤል ከአሸተን ማርያም ወረዱ። ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው፤ እዚያ ተራራ አናት ላይ ከሌላ መነኩሴ ጋር አንድ ያረጀች ባና ተጋርተው ነው የሚያድሩት። አዲስ እንዲሠራላቸው ከተናገሩ ቆይተዋል። ፈንታው መስቀላቸውን ተሳለመ።

«ልጄ፣ ባናዬስ?»

«ታቅዷል፣ አባ።»

«ታቅዷል ማለት ተሸምኗል ማለት ነው?»

«አይደለም፣ አባ። ሊሸመን ይችላል ማለት ነው።»

«እንግዲያ ለጊዜው ዕቅዱን እንለብሳለን» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ተራራቸው ተመለሱ። ፈንታው ከኋላ ሲያያቸው ቆየ። ትከሻቸው በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ እጁን አወጣ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ከኃላፊነቴ ልውረድና ወደ ሽመናዬ ልመለስ።»

ተሰብሳቢዎቹ ሹመት የሚለምን ሰው ያውቃሉ፤ ሽረት የሚለምን ግን አይተው አያውቁም። ጓድ ባዘዘው ካዘነበለው ጠረጴዛቸው ቀና አሉ።

«ማነው የላከህ?»

ይህ ጥያቄ በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። ተጠይቀው ሄደው ያልተመለሱ ሰዎችን በክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቅ ነበር። ፈንታው «መነኩሴው በረዳቸው» ብሎ ሊናገር ነበር፤ ምላሱን ነክሶ ተወው።

«ማንም አልላከኝም። ችሎታ ስለሌለኝ ነው» አለ።

ሂስ ተጀመረ። ጸሐፊው «ከመሣሪያው ጋር የግል ፍቅር ይዞታል» አለ። ተቆጣጣሪው «የኅብረት ኑሮ ሽሽት ነው» አለ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የሚለው ስለጠፋው ሁለቱንም ደገመ። ወሬው እየከረረ፣ የእስር ቤት ሽታ እየሸተተ ሲመጣ ደርበው ብድግ አለ። ፊቱን አጥቁሮ ጣቱን ወደ ባልንጀራው ቀሰረ።

«ጓዶች! እንዲህ ላለው ሰው እስር ምን ያደርገዋል? ተኝቶ ሊበላ ነው! ከወንበሩ ተነሥቶ ጉድጓድ ውስጥ ይግባ! ከጠዋት እስከ ማታ ይሽመን! ስብሰባ የሚባል ነገርም ይከልከል!»

ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። ፈንታው ራሱን ደፋ፤ ለሰው ሁሉ የተጸጸተ መሰለ። ሳቁን እየዋጠ ነበር።

«ፊትህን አጨልም» አለችው ይማርሽ ቤት ሲደርስ። «እያፏጨህ መንገድ ላይ እንዳያዩህ።»

ከዚያ ወዲያ ፈንታው ጓሮ ውስጥ ቅጣቱን ተወጣው። ማኅበሩ ለበላይ የሚያሳየው ባና የእሱ ብቻ ስለነበረ ምርት ማደጉ በአመራሩ ብርታት ተመዘገበ። የአባ ተክለ ሚካኤልን ባና ግን ይማርሽና እሱ ራሳቸው አሸተን ድረስ ተሸክመው ወጡ።

«ዕቅዱ ደረሰ እንዴ?» አሉ አባ፣ ባናውን ጉንጫቸው ላይ እያሻሹ።

«አይ፣ አባ። ተቀጥቼ ነው የሠራሁት።»

ነገሩን ሲነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «በል ልጄ፣ እግዚአብሔር ቅጣትህን ያርዝምልህ» ብለው መረቁት።

ዕዳው የወደቀው ደርበው ላይ ነው። ያ ንግግሩ ንቃተ ኅሊናው የላቀ መሆኑን አስመስክሮ ምክትል ሊቀመንበር አደረገው። እሱም የፈንታውን መንገድ ሊከተል አሰበ፤ ስብሰባ ላይ ሆን ብሎ እንቅልፍ ወሰደው። «ተረጋግቶ የሚያዳምጥ ጓድ» ተብሎ ተመሰገነ። ዕቅዱን እንዳለ ገልብጦ፣ ያለፈውን ለሚመጣው፣ የሚመጣውን ላለፈው አድርጎ አነበበ። ማንም ልብ አላለም፤ እንዲያውም ኮን ላይ ለሚቋቋመው የሸክላ ሠሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ ተመደበ። ሸክላ ነክቶ አያውቅም።

በጋሸና በኩል በሚያልፍ የጭነት መኪና ላይ ሲሳፈር ፈንታው ሊሸኘው ወጣ። ደርበው ጎንበስ ብሎ በጆሮው ጠየቀው።

«ምን ባጠፋ ነው የሚያወርዱኝ?»

ፈንታው አሰበ፣ አሰበ። የዚያ ሰው የማይከፈል ውለታ ነበረበትና ደህና ምክር ሊሰጠው ፈለገ።

«እንጃ፣ ወንድሜ» አለው በመጨረሻ። «ጥሩ ከሠራህ ያሳድጉሃል። ካልሠራህም ያሳድጉሃል።»

ደርበው ኮን ላይ ሦስት ማኅበር በላይ በላዩ መራ። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ የሚያወርደው አላገኘም።