ከውስጥ ብቻ የተለካ ቀዳዳ

መስታወት ገጣሚው ለሥራ የመጣ አይመስልም ነበር። የዕቃ ሣጥኑን እንዳስቀመጠ በእናቴ ኩሽና ወለል ላይ በሆዱ ተኛ፤ ጉንጩን መሬት አስነክቶ በበሩ መስታወት ግቢውን ማየት ጀመረ። እንቅልፍ ወስዶት እንዳይሆን ብዬ ጎንበስ አልኩ።

"የድመቷን በር በእሷ ቁመት ሳላይ አልለካም" አለኝ ዐይኑን ሳይነቅል። "ከዚህ ሲታይ ግቢው ሌላ አገር ነው። ሣሩ ዛፍ ያህላል።"

"ጋሼ፣ አገርስ አላት፤ የቸገራት መግቢያ መውጫው ነው" አልኩት።

ትዕግሥቴ ያለቀው ያለ ምክንያት አይደለም። እናቴ ሰማንያን አልፋለች፤ የምትኖረውም ብቻዋን ነው። ባለፈው ወር ድመቷ፣ እሷ "እሜቴ" የምትላት፣ በሩ ላይ ቆማ ልግባ አልግባ ስትል፣ እናቴ ልታባብላት ወደ ግቢው ስትወርድ ወደቀች። አጥንቷ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ደጅ አልረገጠችም፤ ድመቷ በጮኸች ቁጥር ግን ምርኩዟን ይዛ ትነሣለች። "ወይ ድመቷን ለሰው እንስጥ፣ ወይ እኔ ጋ ነይ" ብላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በመጨረሻ ተስማማን፤ ድመቷ ራሷ የምትገባበት በር ከተበጀ እናቴ ከቤቷ አትወጣም፤ ካልሆነ እኔ ጋ ትመጣለች።

ሰውየው ተነሥቶ መስታወቱን በጣቱ ቆረቆረው። "ይሄ ድርብ ነው፤ መሃሉ የታሸገ አየር አለ። አሁን ልብሳው ብል እንደ ጨው ይበተናል። ቀዳዳ ያለው አዲስ መስታወት ፋብሪካ ይሠራልናል። ሦስት ሳምንት ታገሡኝ።"

እናቴ ሻይ ሰጠችው፤ እሱም አወጋን። ሠላሳ ዓመት የሰው መስኮት ገጥሟል። መስታወት ተሸክሞ መንገድ ሲሻገር ሰማዩ እላዩ ላይ ስለሚታይ ደመና የያዘ ይመስለዋል፤ ሁለቴም ጉድጓድ ገብቷል። "ሚስቴ 'የምታየውን እንጂ የምትረግጠውን አታውቅም' ትለኛለች" አለ። እናቴ ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። እኔም ሳላስበው ወደድኩት።

በሦስተኛው ሳምንት አዲሱ መስታወት መጣ። አሮጌውን አውጥቶ ገጠመው፤ ትንሿን በር አስገብቶ ዙሪያዋን በሲሊኮን ደፈነ። ኩሽናው በብርሃን ተሞላ። እሜቴ ቀዳዳውን አሸተተችና እንደ ባለሥልጣን ቀስ ብላ ወጣች።

መመለሱ ግን አልሆነላትም። ቀዳዳው ከኩሽናው ወለል አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ይላል፤ ግቢው ግን ከወለሉ በጣም ዝቅ ያለ ነው። እሱ ደግሞ የለካው ከውስጥ ብቻ ነበር። ድመቷ ዘለለች፤ መስታወቱን በግንባሯ መታችውና ተንሸራታ ወረደች። ከዚያ ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር። እናቴ ምርኩዟን አነሣች።

ደሜ ፈላ። "ያን ሁሉ ጊዜ ተኝተህ ስታይ አንዴ ወጥተህ ብትለካ ምን ነበረበት?"

ኩምሽሽ አለ። የተበሳ መስታወት ዳግም አይስተካከልም። ጓዳ ገብቼ የእናቴን ልብስ እያጣጠፍኩ ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመርኩ። አየችኝና ምርኩዟን ይዛ ዞረች። ቢያንስ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስመለስ ሰውየው ግቢ ውስጥ፣ ከበሩ ሥር፣ ብሎኬት ደርድሮ ሲሚንቶ ያቦካል። "ለእሜቴ መወጣጫ ነው" አለ ቀና ሳይል። ሰፋ አድርጎ ሠራው፤ ነገ ጠዋት ይደርቃል ብሎን ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ መጣና ሁለታችንም ድመቷ ላይ አፈጠጥን። መወጣጫው ላይ ወጣች፤ በሯን በግንባሯ ገፍታ ገባች። ሰውየው እንደ ልጅ አጨበጨበ።

ያኔ ትልቁ በር ተከፈተ። እናቴ መጀመሪያ ምርኩዟን፣ ቀጥላ አንድ እግሯን፣ ከዚያ ሌላውን መወጣጫው ላይ አሳረፈች። አንድ እርምጃ ጨመረችና ግቢው መሃል ቆመች፤ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ ዐይኗን ጨፈነች።

ወሩን ሙሉ እናቴን እንዴት እንደምወስዳት ሳስብ ነው የከረምኩት፤ አንድ ብሎኬት ማስቀመጥ ግን አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።