መከለያው መሳቢያ ውስጥ ነበር

ሆሳዕና እሠራበት የነበረው ጋራዥ የአንድ ነጋዴ ነበር። ወደ ሆመቾና ወደ አዲሎ የሚመላለሱትን የጭነት መኪኖቹን እንጠግናለን፤ የወፍጮ ሞተር ሲበላሽም ወደ እኛ ይመጣል። አለቃችን የነጋዴው ሚስት ወንድም ነው። ሥራ ያውቃል፣ ይህን አልክድም። ሰው ግን አይወድም ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ባለቤቱ ከአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አመጣ፦ በአንድ እጅ የምትያዝ፣ በጄኔሬተር የምትሠራ፣ አፏ ላይ ክብ የመሞረጃ ድንጋይ ሲታሰርላት እየተሽከረከረች ብረት የምትሞርድ። ግማሽ ቀን በሞረድ የምንታገለውን ብረት ወዲያው ታለሰልሰዋለች። አብሯት ወፍራም መስታወት ያለው አንድ የዓይን መከለያ መጣ።

አለቃ ሰበሰበንና አሳየን። ድንጋይ ስትቀይሩ መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉ። ድንጋዩን ከማሰራችሁ በፊት በእንጨት መታ መታ አድርጉት፤ ደህና ከሆነ ይጮኻል፣ ከተሰነጠቀ ድምፁ ሙት ነው። በመፍቻ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ከዚያ መጥበቁን ለማየት ሳቡት። ስታስነሷት ከፊታችሁ አርቋት። አትጫኗት። ልቅ ልብስ አትልበሱ። ይህን ሁሉ በጥሩ አማርኛ ነገረን፤ ሲጨርስ መከለያውን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ቆለፈበት።

"እኛ ስንሠራስ?" አለ ከሺንሺቾ የመጣው ባልደረባችን።

"ይሄ ይጫጫርብኛል። አንተ ዓይንህን ጨፍን።"

ይህ ባልደረባዬ አዲስ ሙሽራ ነበር፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ይዘምራል። አፉን የፈታው በከምባትኛ ስለሆነ አማርኛ ሲናገር አንዳንድ ቃል ይሰነካከልበታል። አለቃም የተሰነካከለውን ቃል ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲደጋግምበት ይውላል። ከሁሉ በላይ የጠላው ግን ስለሚጠይቅ ነው።

አንድ ብርዳማ ጠዋት ሚስቱ የሠራችለትን የአንገት ሹራብ አድርጎ መጣ። አለቃ መሣሪያዋን እንዳስነሳት ወደ እሱ ተጠጋና የሹራቡን ጫፍ አስነካት። እንደ እባብ ተጠመጠመባት። ባልደረባዬ ተስቦ አገጩ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ፤ መሣሪያዋም አጉረምርማ ቆመች። ከንፈሩ ደማ።

"ልቅ ልብስ ምን እንደሚያደርግ አሁን ገባህ?" አለው አለቃ።

"ገብቶኛል፣ ጋሼ።"

የተበጣጠሰውን ሹራብ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ምሳ ሰዓት ላይ አልበላም።

ክረምት ገባ። አንድ ባለ ወፍጮ ከሆመቾ የተበላሸ ሞተሩን ጭኖ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ያጣድፈናል። በዚያ መሃል ድንጋዩ ከጠረጴዛ ተንከባሎ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ባልደረባዬ አነሳውና በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገው። እኔም አጠገቡ ስለነበርኩ ሰማሁ፦ እንደ እርጥብ እንጨት የታፈነ ድምፅ ሰጠ።

"ጋሼ፣ ተሰንጥቋል። ድምፁ ሙት ነው።"

"እሰረው።"

"እርስዎ ራስዎ ነበር የነገሩን..."

የአለቃ ፊት ተለዋወጠ። ባለ ወፍጮው እየሰማ ነው። "ልታስተምረኝ ነው? ፈሪ ከሆንክ ሂድና ከሚስትህ ጋር እንሰት ፋቅ!"

በእኛ አገር እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው። ለወንድ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ባለ ወፍጮው ሳቀ።

"እንግዲያው መከለያውን ይስጡኝ።"

"ቁልፉ ጠፍቷል።"

ቁልፉ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሎ ሁላችንም እናየዋለን።

ባልደረባዬ መሣሪያዋን ከሶኬት ነቀለ። ድንጋዩን አሰረ፣ አጠበቀ፣ ሳበው። ሁሉንም እንደተባለው አደረገ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ይጸልይ ነበር መሰለኝ። ከዚያ አስነሳት። ገና ብረቱን ከመንካቷ ድንጋዩ ፈነዳ።

ባልደረባዬ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ። በጣቶቹ መሃል ደምና ውኃ የመሰለ ነገር ይወርዳል። አለቃ ጎንበስ አለ፤ ሊያነሳው መስሎኝ ነበር። መሣሪያዋን ከወለል አንስቶ እያገላበጠ አያት።

"እግዜር ይመስገን፣ አልተሰበረችም" አለ።

ክሊኒክ ተሸክመን ወሰድነው። ቁስል አጣቢው ደሙን ጠራርጎ ካየ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። የቀኝ ዓይኑ ፈሷል።

ሽማግሌዎች ነጋዴው ቤት ተሰበሰቡ፤ ከእስላሙም ከጴንጤውም የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። አለቃ፣ "መከለያ ስሰጠው እምቢ ብሎ ነው" አለ። ሁለት ባልደረቦቻችንም መሬት መሬት እያዩ፣ "አዎ፣ እምቢ ብሎ ነው" አሉ። እኔ ስጠየቅ ያየሁትን ተናገርኩ፤ ቁልፉ የት እንደነበረም ጨምሬ። ነጋዴው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "እንግዲህ የአምላክ ቁጣ ነው፤ ምን ይደረግ" አለ። ለባልደረባዬ አንድ ኩንታል በቆሎ እንዲሰጠው ተፈርዶ፣ ተመርቆ፣ ተበተነ። የባልደረባዬ ሚስት በር ሥር ቆማ ነበር። "በቆሎውን ማን ይሸከመው?" ብላ ጠየቀች።

በማግስቱ ወደ ሥራ ስሄድ ዘበኛው አላስገባህም አለኝ። አዲሎ ወርጄ መንገድ ዳር ጎማ መጠገን ጀመርኩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለለቅሶ ሺንሺቾ ሄድኩና ያን ባልደረባዬን ጠየቅሁት። የራሱን ጥገና ቤት ከፍቷል፤ ያቺን የመሰለች መሣሪያም ገዝቷል። መከለያዎች ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅለዋል። ደስ አለኝ፣ ተቃቀፍን።

ወዲያው አንድ አዲስ የተቀጠረ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው መከለያ ሳያደርግ መሣሪያዋን አነሳ። ወዳጄ ሄዶ ከሶኬት ነቀላት። የፈሰሰ ዓይኑን የሸፈነበትን ጨርቅ ገለጠ። የሰውየውን አመልካች ጣት ጨምድዶ ያዘና ባዶው የዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ ከተተው። ሰውየው ጮኸ፤ ሊያወጣ ታገለ፤ አለቀቀውም። ሲለቀው ወደ ውጭ ሮጦ አስመለሰ።

"ወንድሜ፣ በአፍ ብትነግረውስ?" አልኩት።

"ለእኔም በአፍ ተነግሮኝ ነበር" አለ፣ ጨርቁን እየመለሰ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ሰውየው አፉን ጠርጎ ተመለሰ። መከለያውን አጥብቆ አሰረ፣ መሣሪያዋን ያዘ። እስኪረጋጋ ይቀመጥ ልል አፌን ስከፍት፣ ወዳጄ ሶኬቱን ሰክቶ፣ "አስነሳ!" አለው።