የትዕግስት ጥርት ያሉ ፎቶዎች

ነገሩ ከሆነ ዐሥር ዓመት አልፎታል። ቦሌ ላይ አዲስ ሕንፃ ሲጀመር ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ያሳፍረኛልም።

ትዕግስትና እኔ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ እንሠራ ነበር። ሥራችን አንድ ፕሮቲን በሴል ውስጥ የት እንደሚገኝ ማየት ነው። ፕሮቲኑን አረንጓዴ በሚያበራ ቀለም እናቀልመውና በማይክሮስኮፕ ፎቶ እናነሳለን። ማይክሮስኮፑ አንድ ስለሆነ ከሌሎቹ ሴት ባልደረቦቻችን ጋር በተራ ነበር የምንጠቀመው። አለቃችን ዶክተር ደግሞ፣ "ፎቶዋ የጠራላት ውጭ አገር ለሥልጠና ትሄዳለች" ብለውናል።

የእኔ ፎቶ ሁሉ ብዥ ያለ ነው። የእሷ ግን ፕሮቲኑ የሴሉን አስኳል እንደ ቀለበት ከብቦት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀናሁ።

አንድ ቀን ዶክተር ቢሮ ገባሁና፣ "ፎቶዎቹን በኮምፒውተር እየነካካች ነው የምታሳምራቸው" አልኳቸው። ምንም ማስረጃ አልነበረኝም።

እፊታችን እንድታነሳ አዘዟት። አነሳች፤ ብዥ አለ። አንገቷን ደፋች እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ነገሩ እስኪጣራ ማይክሮስኮፑን እንዳትነካ ከለከሏት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በሳምንቱ ሚካኤል ዋለ። እኔ በየወሩ በአሥራ ሁለት አስፈቅጄ ቤተ ክርስቲያን ነው የምውለው። የዚያን ዕለት ግን ከቅዳሴ ስመለስ የረሳሁትን ቻርጀር ልወስድ ላቦራቶሪው ጎራ አልኩ። ጭር ብሏል። ከጎናችን ፎቅ የሚሠሩት ግንበኞች በሚካኤል ሥራ አይነኩም፤ ግድግዳችንን ሲያንቀጠቅጥ የሚውለው መሬት መጠቅጠቂያ ማሽን ዝም ብሏል።

ነጠላዬን ሳላወልቅ የራሴን ናሙና ማይክሮስኮፑ ላይ አደረግኩ። ቀለበቱ ቁልጭ አለ። ለካ ፎቶውን የሚያበላሸው ንዝረቱ ነው! ለካ ትዕግስት የምታነሳው እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም፣ በዚህ ቀን ኖሯል።

ፎቶዬን አንስቼ ዝም ብል ጉዞው የእኔ ነበር። በመጨረሻ ለዶክተር ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

በማግሥቱ ይቅርታ ጠይቄያት፣ "ግን ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ምን ብዬ ልናገር? ሁላችሁም በአሥራ ሁለት ተራ እንዳትይዙብኝ ብዬ ደብቄያችሁ ነበር እኮ። አፈርኩ" አለችኝ።

የሄደችው እሷ ናት። ቦሌ ኤርፖርት ድረስ ሸኘኋት። ሻንጣዋን እየገፋሁላት "በሰላም ግቢ" ስላት ከልቤ ነበር። ቅናቱም ከልቤ ነበር። ዛሬም ሁለቱም አለቀቁኝም።