የአልጋ ብረት ብስክሌት

ትናንት ጎረቤታችን የግቢውን በር ሲያስበይድ የተቃጠለ ቀለም ሽታ በመስኮቴ ገባ። የተማሪ ፈተና እያረምሁ ነበር፤ እስክሪብቶዬን ጥዬ ተነሣሁ፣ ተቀመጥሁ፣ ደግሞ ተነሣሁ። ባለቤቴ «ምን ነካህ ዛሬ?» አለችኝ። ያ ሽታ ባፍንጫዬ በገባ ቁጥር እግሬ ሂድ ሂድ ይለኛል፤ ወዴት እንደሆነ ግን አይነግረኝም።

ያደግሁት ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር ነው። አባታችን የደብሩ ቄስ ነበሩ። እህቴ እናኑ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በሕፃንነቷ በያዛት ሕመም ግራ እግሯ ቀጥኖና አጥሮ ስለ ቀረ በምርኩዝ ነበር የምትሄደው። ትምህርትም ዘግይታ በመጀመሯ ዘጠነኛ ክፍልን አብረን ገባን። ትምህርት ቤቱ ወገዳ ነበርና ሰው በአንድ ሰዓት የሚጨርሰውን መንገድ እኛ ሁለት ሰዓት እንፈጅበት ነበር። እኔ ደግሞ ቁንጥንጥ ነኝ፤ ቅዳሴ ላይ እንኳ እግሬን ስቀያይር አባቴ ከመቅደስ ሆነው የሚገላምጡኝ ዓይነት ልጅ። እሷን ጥዬ ፊት እሮጥና ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ፤ ደርሳ ትንፋሿን ሳትሰበስብ ደግሞ ብድግ እላለሁ።

ጥር ላይ መዳፏ በምርኩዙ ቆስሎ መግል ያዘ። አባታችን ቁስሉን አዩና ማታ እራት ላይ «ይህን ዓመት ትጨርስ። ከዚያ ወዲያ ልጄን ለመንገድ አልገብርም» ብለው ቆረጡ። እናኑ ከክፍላችን አንደኛ የምትወጣ ልጅ ነበረች። እንጀራዋን ሳትነካ ተነሣች።

በማግሥቱ እሷን ሳላማክር ወገዳ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይዱ አያ ሙጬ የሚባሉ ሰው ዘንድ ሄድሁ። ጓሯቸው ውስጥ ቴላዮው፣ ማለት ጎማውንም መቀመጫውንም የሚሸከመው ዋናው አካሉ፣ ከሁለት የተሰበረ ብስክሌት ወድቆ እንደሚገኝ አውቅ ነበር። እንዲጠግኑት ብለምናቸው፣ «ቢጠገንስ፣ እህትህ እግሯን በዚህ አግዳሚ ብረት ላይ እንዴት ታሻግራለች?» አሉኝ። ይህን አላሰብሁትም ነበር። አዲስና ዝቅ ያለ ቴላዮ ያስፈልግ ነበር፤ ብረት ግን ከየት ይምጣ? እናቴ ከጎተራው ጀርባ የቆመውን ስብርባሪ የብረት አልጋ ሰጠችኝ። ከትምህርት ቤቱም የወንበር እግር ለመንሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት መልስ ብረት በሴጌቶ ስቆርጥ፣ በሞረድ ስሞርድ ጣቶቼ ተላጡ፤ አያ ሙጬም ጄኔሬተራቸውን እየተሳደቡ በየዱ። የአልጋው አረንጓዴ ቀለም እየተቃጠለ ሲጨስ ሁለታችንም እናስል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጎማው፣ መሪው፣ ካቴናው ሁሉ ገጥሞ ቆመ። አያ ሙጬ «መሪው የሚገባበት አንገቱ ገና አንድ ዙር ብየዳ ይቀረዋል። ነገ ሰንበት ነው፤ ሰኞ ና» ብለውኝ ለምሳ ሄዱ። ሰኞ ለእኔ የዓመት ያህል ራቀኝ። ይዤው ወጣሁና ወደ ወንዙ በሚወስደው ቁልቁለት ለቀቅሁት። ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ሲያፏጭ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ ትዝ የሚለኝ አገጬ ተሰንጥቆ መሬት መተኛቴና የፊተኛው ጎማ ብቻውን የሰው ሽንብራ ውስጥ እየተንከባለለ መግባቱ ነው።

ስብርባሪውን ተሸክሜ ቤት ስደርስ እናኑ መጀመሪያ ደሜን ጠረገችልኝ። ከዚያ ብረቱን አየችና፣

«ለእኔ ነው የሠራኸው ለራስህ?» አለችኝ።

ለመንደሩ ሁሉ «ለእህቴ ነው» ስል ከርሜ ነበር። ዓይኗን እያየሁ ግን ማለት አቃተኝ፤ ዝግታዋ ሰልችቶኝ እንደነበር ታውቅ ነበርና።

ሰኞ ራሷ አያ ሙጬ ዘንድ ሄደች። እግሮቿን በክር ለካች። አንገቱ በሁለቱም ጎን ጠፍጣፋ ብረት እንዲደረብበት፣ የግራው ፔዳል ክንድ ተቆርጦ እንዲያጥርና ደካማው እግሯ ትንሽ ክብ ብቻ እንዲዞር፣ ቀኙን እግሯን ደግሞ ከፔዳሉ ጋር የሚይዝ ጠፍር እንዲበጅ አዘዘች። አያ ሙጬ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ከመጀመሪያው መምጣት የነበረባት ይች ናት! አንተን ማን ላከህ?»

ልምምዱ እህል ከተወቃ በኋላ ባዶ በቀረው አውድማ ላይ ነበር፤ ብትወድቅም ጭድ ላይ ነው። ወደቀች፣ ተነሣች፤ ላነሣት ስሮጥ በምርኩዟ አባረረችኝ። በአምስተኛው ቀን አውድማውን ሦስት ጊዜ ስትዞር አባታችን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቆመው አዩ። ምን ይሉ ይሆን ብለን ደርቀን ቀረን።

«ፍሬን አለው?» አሉ።

«አለው፣ አባ» አለች እናኑ።

መስቀላቸውን አውጥተው እሷን ባረኩ። ጥቂት አሰቡና ብስክሌቱንም ከመሪው እስከ ኋላ ጎማው ባረኩት።

በሚቀጥለው ሰኞ እናኑ ምርኩዟን ከኋላ አስራ፣ ነጠላዋን አገልድማ ሄደች። አቧራዋ ሳይረጋ ከዓይኔ ተሰወረች። በዚያ ብስክሌት አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ዛሬ ሩቅ ከተማ የውሃ መሐንዲስ ናት። እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተምራለሁ። ስትደውልልኝ ሥራ አለባትና ቶሎ ትዘጋለች፤ እኔም ወሬ አላስረዝምም።

እሷ በብስክሌት በሄደችበት በዚያ ሰኞ እንደ ልቤ እየተራመድሁ ወገዳ በአንድ ሰዓት ገባሁ። ለካ የሒሳቡን እንቆቅልሽ የምትፈታልኝ፣ በመምህራኑ አካሄድ እየቀለደች የምታስቀኝ፣ የምትፈራውን ሁሉ የምትነግረኝ በዚያ በሰለቸኝ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነበር። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ነበረች፤ ዝምተኛ። ከዚያ ወዲህ እኔና እናኑ አንድም መንገድ በእግራችን አብረን ሄደን አናውቅም።