ለእንጦጦ ዝናብ የተሰፋ ጃኬት

ሐሙስ፣ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ጉለሌ።

ሰኔ ገብቷል። ሞተር ብስክሌቴን ከግቢ ሳወጣ ሰማዩን ቀና ብዬ አየሁት፤ ጠርቷል፤ አላመንኩትም። የመሥሪያ ቤታችንን ደብዳቤ በእንጦጦ በኩል አልፌ ጫንጮ የማደርሰው እኔ ነኝ። በበጋ የካኪ ኮት ይበቃኛል፤ ጠላቴ አቧራ ብቻ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የተራራው ንፋስ አጥንት ይሰብራል፤ ያኔ ሹራብ እደርባለሁ። ለክረምቱ ግን እስካሁን የሚሆን አላገኘሁም። ቦርሳው ውሃ ስለሚያስገባ ደብዳቤዎቹን ሆዴ ላይ፣ ከልብሴ ስር ነው የምይዛቸው። አምና ሁለት ጊዜ ረጥበው ደረሱ። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ አስጠርተውኝ፣ «ለሦስተኛ ጊዜ ከረጠበ ሞተሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» አሉኝ። እሳቸው ደግሞ ያሉትን ያደርጋሉ። ይህች ሞተር እንጀራዬ ናት፤ ስለዚህ ዛሬ ፈቃድ ጠይቄ ጃኬት ፍለጋ ወጣሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል። አዲሱ ገበያ።

ጭቃ፣ አህያ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች። የአቶ ሰይድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ጥቁር የጎማ ካፖርት ተሰቅሏል። ሃያ አምስት ብር ነው አሉኝ። ነጋዴ ሲምል ኪሴን እይዛለሁ፤ እሳቸው ሳይምሉም ያዝኩ።

«አንድ ጣሳ ውሃ ያቀብሉኝ» አልኳቸው።

«ካፖርት ነው የምትገዛው ወይስ ጀልባ?»

«ላፍስበትና ልየው።»

እየሳቁ አቀበሉኝ። ብብቱ ስር ካለው ስፌት ውሃው ቀስ እያለ ወጣ። ጥርጣሬዬ ልክ ሲሆን ደስ ይለኛል፤ አልደብቅም።

«እኔም አላወቅሁም ነበር» አሉ ስፌቱን እየዳበሱ። «ፀሐይ ሲወጣም ውስጡ ትቀቀላለህ። ለአንተ የሚሆንህ ቆዳ ነው። ቀጨኔ ሰፈር ውስጥ ደምሴ የሚባል ቆዳ ሰፊ አለ፤ እሱ ጋ ሂድ።»

ደንበኛውን ወደ ሌላ ሰው የሚልክ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ምን ያገኙበት ይሆን እያልኩ ሞተሬን አስነሳሁ።

አራት ሰዓት። ሽሮ ሜዳ።

ለብርዱ ወራት ከቆዳው ስር የሚደረብ ቡልኮ ፈለግሁ። ሸማኔው ንጹሕ ጥጥ ነው አለኝ። አንድ ክር መዝዤ በክብሪት ለኮስኩት። ጥጥ ነበር።

«የቀረውን ልጠቅልልልዎ ወይስ እሱንም ያቃጥሉታል?» አለኝ።

ከፍዬ ወጣሁ።

አምስት ሰዓት ተኩል። ቀጨኔ።

ቁልቁለቱን ሞተሬን በእጄ ይዤ ወረድኩ። ስለ ቀጨኔ ባለእጆች እኔ በልጅነቴ የሰማሁትን እናንተም ሰምታችኋል፤ ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል፣ ገላህን አታሳያቸው ይባላል። እኔ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ወሬ አላምንም እላለሁ። ግን ደረቴን በጋቢ ሸፍኜ ነው የገባሁት።

ደምሴ ጠጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ያሳየኝ ቆዳ የሚታማ አልነበረም፤ ለስላሳ፣ ሞራ በደንብ የጠጣ፤ ውሃ ጠብ ባደርግበት ተንከባሎ ወረደ።

«ጌታዬ፣ ጋቢውን ያውልቁና እጅዎን ወደፊት ይዘርጉልኝ፤ ሞተሩ ላይ እንደሚቀመጡት» አለኝ።

«እንደቆምኩ ለካኝ።» ሁለት እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ ነበር።

«ዝናቡ የሚያገኝዎ ቆመው አይደለም።»

«እንደቆምኩ አልኩህ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰና ሳያየኝ፣ በጋቢው ላይ በሲባጎ ለካኝ። ለሰኞ ማታ ይደርሳል አለ።

ማክሰኞ፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት። እንጦጦ።

ጃኬቱን ሰኞ ማታ አመጣሁት። መስታወት ፊት ቆሜ ሳየው እንከን አልነበረውም። አቀበቱ መሀል ዝናቡ ያዘኝ። መሪውን ለመጨበጥ እጄን ስዘረጋ ጀርባው ተወጠረ፣ እጅጌው ወደ ክርኔ ሸሸ፣ የፊቱ ጫፍ እምብርቴ ድረስ ተሰበሰበ። ወደ ታች ብጎትተው ተመልሶ ይወጣል። ቆዳዬን ሰርቆ አሳጥሮብኛል አልኩ፤ ዓይኑን ጥሎብኛል አልኩ፤ ያላልኩት ነገር የለም። ደብዳቤዎቹ ሆዴ ላይ ሲቀዘቅዙ ይሰማኝ ነበር።

አራት ሰዓት። ጫንጮ።

ደብዳቤ ተረካቢው ጸሐፊ ፖስታውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው።

«ማኅተሙ አይነበብም። ተረክቤያለሁ ብዬ አልፈርምም።»

ለመንኩት። አልፈረመም።

ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት። ቀጨኔ።

ልጣላ ነው የመጣሁት። አቶ ደምሴ ነገሬን እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሁለት ረጃጅም እጅጌና አንድ ሰፊ የጀርባ ቆዳ አወረዱ፤ በጃኬቴ ቀለም፣ ተቆርጦ ያለቀ።

«ይህን መቼ ቆረጡት?»

«የዚያኑ ዕለት። ከመሥሪያ ቤት ለሚመጣ ሰው ሁልጊዜ ሁለቴ ነው የምቆርጠው። የመጀመሪያውን ቀን ዓይናችንን ፈርቶ ነው የሚመጣው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬዎት ነበር።»

አፈርኩ። ጋቢዬን አወለቅሁና አግዳሚው ላይ ሞተር እንደምነዳ ሆኜ ተቀምጬ እጄን ዘረጋሁ። አቶ ደምሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩኝ፤ ትከሻዬን፣ ደረቴን፣ ክንዴን፣ ረጋ ብለው።

«እንዲህ ነው የሚነዱት?» አሉኝ።

«አዎ፣ እንዲህ ነው» አልኳቸው። አለቃዬ ሞተሩን ትናንት ለሌላ ሰው እንደሰጡት አልነገርኳቸውም።

ሰፍተው ሲጨርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዝናቡ ይወርድ ነበር። ጃኬቱን ለብሼ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። አንድ ጠብታ አልገባም።