ግንባሬን ሊያቃጥል የነበረው ጠርሙስ

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ፀጉሬን ላበጥር መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ግን የትናንት ያህል ነው።

የምኖረው ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ነው። ሥራዬ ለሙሽሮች ሂና መሳል ነው። የሰው እጅና እግር አሳምሬ የማድር ሴት፣ የራሴን ግንባር ግን ለማንም አላሳይም ነበር። ግንባሬ ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ። ከእኔ በፊት የተወለዱ ሁለት ወንድሞቼ በጨቅላነታቸው ስለሞቱ፣ እናቴ እንድተርፍላት ብላ በሕፃንነቴ በመርፌና በጥላሸት አስነቀሰችኝ።

መተማ ሳለን ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። እዚህ ግን አንዲት ደንበኛ አይታው፣ ግማሽ የሳልኩትን እጇን ታጥባ አሰናበተችኝ። ከዚያ ወዲህ በፕላስተር እየሸፈንኩ፣ ሻርፔን እስከ ቅንድቤ እየሳብኩ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ "በር መታኝ" እል ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ በር ይመታኛል?

በመጨረሻ መረረኝ። ገበያ ውስጥ ንቅሳት የሚያጠፋ ፈሳሽ የሚሸጥ ሰው አለ ሲሉኝ፣ ባዶ የማሕለቢያ ጠርሙስ ይዤ ሄጄ አስቀዳሁ። ማሕለቢያ ሂና የምንለውስበት፣ ጥሩ ሽታ ያለው ዘይት ነው። ሰውየው "ሥጋ ያቃጥላል፣ በጥጥ ጫፍ ብቻ!" ብሎ አስጠነቀቀኝ። ቤቴ ስገባ ልቀባው ወስኜ፣ ጠርሙሱን ከሂና ዕቃዬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በቀጥታ ወደ ሥራ ሄድኩ። ከዚህ የበለጠ ጅልነት ሠርቼ አላውቅም።

ሙሽራዋ ፍራሽ ላይ እግሯን ዘርግታለች። ሁሉም "ሐቦባ" የሚሏቸው አያቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ሂናው ጠጠረብኝና፣ ዓይኔን ከእግሯ ሳላነሳ "ማሕለቢያ ጨምሪበት" አልኳት እኅቷን። ልጅቷ ቦርሳዬን ከፍታ ጠርሙስ አወጣች። ክዳኑን ስትከፍት ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠው።

"ተይው!" ብዬ ዘልዬ ነጠቅኳት። የሂናው ሳህን ተገለበጠ፣ ሻርፔ ወለቀ፣ በላብ የላላው ፕላስተርም አብሮ ወረደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጠብታ እንኳ ማንም ላይ አልደረሰም። ግን የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው፣ ግንባሬ ለሁሉም ተገለጠ።

"ጠርሙሱ ውስጥ ምን አለ፣ ያ ቢቲ፣ ልጄ?" አሉ ሐቦባ።

መዋሸት አቃተኝ። የልጅ ልጃቸውን እግር ልፈጀው ነበርና፣ እያለቀስኩ ሁሉንም በዐረብኛ ነገርኳቸው። ያባርሩኛል ብዬም ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

"እናትሽ ለምን አስነቀሰችሽ?"

"ከእኔ በፊት ሁለት ሞተውባት ነው። እኔ እንድተርፍላት።"

ሐቦባ እጄን ሳቡና ጉንጫቸው ላይ ያሉትን ረጃጅም ጠባሳዎች አስነኩኝ። "እነዚህ የጎሳችን ናቸው" አሉ። ከዚያ ጣቴን ከዓይናቸው ሥር ወዳለች ትንሽ ጠባሳ አመጡት። "ይቺ ግን የእናቴ ናት። ከእኔ በፊት ሦስት ቀብራለች። ይኸው ተበጥቼ ቀረሁላት፣ አርጅቼ እስክጎብጥ! አንቺም ቀርተሻል። የእናትሽን ልመና በዚህ መርዝ ታጥቢዋለሽ?"

ጠርሙሱን አንስቼ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

"ሰርጌ እስኪያልፍ ልትላቀሱ ነው?" አለች ሙሽራዋ። ሁላችንም ሳቅን። ሐቦባ ጠርሙሱን ጓሮ ጉድጓድ አስቆፍረው አስቀበሩት፤ እኔም ሂናውን እንደ አዲስ ለወስኩ። በዚያ ቀን የሳልኩትን ያህል አምሮልኝ አያውቅም።

የዚያች ልጅ እጅና ጠርሙሱ ትዝ ሲሉኝ አሁንም ክው እላለሁ። ፊቷን የምታጠቁርብኝ ደንበኛም አልጠፋችም፤ ታጥቁር። ፕላስተር መግዛት ግን ትቻለሁ፣ ሻርፔንም ነፋስ ከወሰደው ይውሰደው። መስታወት ውስጥ መስቀሌን ሳይ እፎይ እላለሁና "ተርፌልሻለሁ፣ እማ" እላታለሁ።